አፉ የተሰፋ ቦርሳ

ደግሞ ቦርሳ እኮ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ ሁለት መዳፍ የማይሞላ ጥቁር የጀርባ ቦርሳ፣ ስልክና መሀረብ ከገባበት ሌላ አይቀበልም፣ ለዕቃ አልተሠራም፣ ለመታየት ነው የተሠራው፣ ጥፋቱ ፊት ያለው መሆኑ ነው፣ ፊት ያለው ቦርሳ ደግሞ ለመካነ ሰላም ገበያ አልተፈጠረም፣ ይህን ሀሊማም ታውቃለች፣ አውቃ ነው የላከችው። አንድ ዓይኑ ነጭ አዝራር። ሌላው ዓይን ሊሆንበት የሚገባው ቦታ ባዶ ጉድጓድ። አፉ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ በቀይ ክር የተሰፋ፣ ዚፑ ግንባሩን ዞሮ የሚከፈት፣ መሀረቧን ለማውጣት የአሻንጉሊቱን ጭንቅላት መክፈት አለባት፣ እማ ይህን ስታይ ያ ረቢ ብላ ዓይኗን ሸፈነች፣ አንቺ ልጅ በጤናሽ ነው፣ በጤናዬ ነው እማ፣ ፋሽን ነው፣ ሆረር የሚወድ ሁሉ እየያዘው ነው፣ ደግሞ እኔን አትቆጪኝ፣ ከጂዳ የላከችው ታላቅ ልጅሽ ናት።

አሚራ ቁልቁለቱን ወደ ገበያው ትወርዳለች፣ ቦርሳው ጀርባዋ ላይ ነው፣ ስልኩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ደግፋዋለች፣ ካሜራው ወደፊት እያየ ይቀዳል፣ ማንም አይጠረጥርም፣ ዛሬ ስልክ ከደረቱ የሚለይ ማን አለ። የሀሊማ ትእዛዝ ነው። ቦርሳውን አንግቺና ገበያ ውጪ፣ የሰዉን ፊት ቅጂልኝ፣ ወላሂ መሳቅ አምሮኛል አሚሬ፣ እዚህ ቤት የሚያስቅ ነገር የለም። ከዚያ የድምፅ መልእክት ወዲህ ዝም፣ አሚራ የላከችው ሁሉ አንድ ምልክት ላይ ቆሟል፣ ደርሷል የምትለው ሁለተኛዋ አልመጣችም፣ ማዳም፣ አሠሪዋ፣ ስልኳን ቀምታታለች ማለት ነው፣ በረመዳንም ቀምታት ነበር፣ ንዴቷ ሲበርድላት ትመልስላታለች፣ ስትመልስላት ቪዲዮው ተቀምጦ ይጠብቃታል፣ ሥራው እሱ ነው። እማ ማታ ማታ ትጠይቃለች፣ ደወለች? ኔትወርክ ነው እማ። እማ ታምናለች፣ ኔትወርክን እንደ ዝናብ ነው የምታየው፣ ሲመጣ ይመጣል፣ የሚቆጡት ነገር አይደለም።

መጀመሪያ የምታገኛት የሺእመቤትን ነው፣ በርበሬ ነጋዴዋን፣ ባለፈው ገበያ በሚዛን ነገር በሰው ፊት የዘረጠጠቻትን፣ ይቺን ሴት አጥርታ መቅዳት አለባት፣ ይቺ ሴት ይህን ቦርሳ አይታ ዝም ካለች ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች ያሰኛል። የሺእመቤት ዝም ትላለች። ከመደቧ ትነሳለች፣ በበርበሬ እጇ የአሚራን ጉንጭ ልትነካ ትልና ትተወዋለች፣ አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ትላለች፣ እናትሽ ደህና ናት? ደህና ናት። አብሽሪ፣ አብሽሪ። ከዚያ ፊቷን አዙራ ጆንያው ውስጥ የጠፋባት ነገር ያለ ይመስል ታጎነብሳለች። አሚራ ሳቋን በግድ ትውጣለች፣ ሀሊሜ ይህን ስታይ በሳቅ ትሞታለች፣ ያቺ ምላሰኛ ሴት፣ በአንድ የጨርቅ አሻንጉሊት ጭጭ። አብሽሪውን ከቁም ነገር አትቆጥረውም፣ በዚህ አገር አብሽር፣ አይዞህ ማለት፣ ለሚያስነጥሰውም ይባላል።

ወሬው ቀድሟት ደርሷል፣ ሌላ ምን ይሆናል፣ ከተማው አንድ መንገድ ነው፣ ከላይ ያስነጠሰውን ከታች ይማርህ የሚሉት። ቦርሳውን ያመጣችው ምህረት ናት፣ ኮንትራቷን ጨርሳ ስትመለስ በሻንጣዋ ይዛው፣ ግቢ ውስጥ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ነው የተፈታው፣ ሽቶ ወጣ፣ የእማ ሽርጥ ወጣ፣ ከዚያ እሱ ወጣ፣ ሸህ አሕመድኑር አዑዙ ቢላህ ብለው ከወንበራቸው ብድግ አሉ፣ ምህረት እየሳቀች ኧረ ልጆች የሚያንጠለጥሉት ነው ሸሆቹ፣ እዚያ ሲኒማ ሲገቡ በየጀርባቸው ነው፣ አለች። ሸሁ ሲኒማንም አይወዱም። ማታ እማ ቦርሳውን ምስማር ላይ አይታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሪልኝ አለች፣ እያየኝ አልተኛም፣ ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሲሆን ፊቱ ግድግዳ ነው የሚያየው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ተወርቷል፣ የሺእመቤትም ሰምታለች፣ የሸይጧን ቦርሳ ያዘች ብለው እያዘኑላት ነው፣ ይዘኑ፣ ቪዲዮው ጥሩ ይወጣል።

ሆረርን ያስለመዳት ሀሊማ ናት፣ ፈሪዋ ሀሊማ፣ ይኸ ነው የሚያስቀው፣ ፈሪ ሆና መፍራት ትወድ ነበር። ሚሞሪውን ፊልም ሻጩ ሙሐሲን ጋ አስጭነው፣ ስልኩን በጆግ ላይ አስደግፈው፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ የፊልሙ ተርጓሚ በመሀል በመሀል እየቀለደ፣ እንዲህ ያለ በር ይከፈታል ወይ እናንተ እያለ፣ በሩ ሲጢጥ ሲል ሀሊማ ሻሿን ዓይኗ ላይ ትጥላለች። ሄደ? ትላለች ከሻሿ ስር። ጭራቁ በሩ ላይ ቆሟል፣ የትም አልሄደም። ሄደ፣ ትላለች አሚራ፣ ተገለጪ። ሀሊማ ትገለጣለች፣ ጭራቁ ዓይን ዓይኗን ያያታል፣ ጩኸት፣ እማ ከመደቧ ላይ ትነሳና እናንተ ልጆች ጎረቤት አስነሳችሁ፣ ሁልጊዜ እንዲህ፣ በየፊልሙ፣ ሀሊማ ሁልጊዜ ትጠይቃለች፣ ሁልጊዜ ታምናለች። አንድ ቀን ተናዳ ለምን ትዋሺኛለሽ አለቻት። አሚራ ምን እንዳለቻት ታስታውሳለች፣ ብቻዬን ማየት ፈርቼ ነው አለቻት። ሀሊማ ከዚያ በኋላ አልተቆጣችም።

የቅሬው፣ የእድሩ፣ ዳኛ ጋሽ ኪዳነማርያም ሱቃቸው በራፍ ላይ ናቸው፣ ጎሽ፣ እሳቸው ደግሞ ነገር አያልፋቸውም፣ የጎረቤቱን ለቅሶና ሠርግ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይሉ የሚመሩ ሰው ናቸው፣ እሷን ሲያዩ ደግሞ እንዴት ዋልሽ ዓረቧ፣ መቼ ነው እኔንም ጂዳ የምትወስዱኝ፣ ፍየል አግዳለሁ ሲሉ ነው የሚውሉት፣ አሚራ ስልኩን ታስተካክላለች፣ አውራ ጣቷ የሆነ ነገር ይነካል፣ እንደምን ዋሉ ጋሼ፣ ትላለች። ጋሽ ኪዳነማርያም ያይዋታል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይላሉ፣ ቆባቸውን ያወልቃሉ፣ ለምን እንዳወለቁት የጠፋባቸው ይመስላሉ፣ ከዚያ ወደ ሱቃቸው ይገባሉ። ፍየል የለ፣ ዓረቧ የለ። እሳቸውንም አስፈራቸው ማለት ነው፣ ዘጠኝ ልጅ ያሳደጉ ሰው፣ ግን ቆብ ማውለቁ ምንድነው፣ ሸይጧን ያየ ሰው ቆቡን ያወልቃል እንዴ፣ እንጃ፣ ክርስቲያኖች ዘንድ ይሆናል።

ሙሐሲን ይሻላታል፣ ሙሐሲን ቦርሳው ከየትኛው ፊልም እንደወጣ ያውቃል፣ ከተማው ውስጥ ይህ ቦርሳ የገባው ሰው ካለ እሱ ነው፣ ሱቁ ግድግዳ ላይ ምላሱን ያወጣ፣ ዓይኑ የፈሰሰ፣ መጥረቢያ የያዘ ሁሉ ተለጥፏል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሊያወራት ይገባል። መንዙማ ከፍቷል። እሷ ስትገባ ድምፁን ይቀንሳል። አዲስ ሆረር መጣ ወይ? አልመጣም። ይኸው እኮ ለጥፈኸዋል። ኮምፒውተሩ ታሟል። ኮምፒውተሩ ከኋላው እያበራ ነው፣ ሁለቱም ያዩታል፣ ሙሐሲን መሬት መሬቱን ያያል፣ ጫማዋን ከዚህ በፊት ያላያት ይመስል። ሌላ ቀን ነይ አሚራ፣ ይላል፣ ደግሞም ፊልም ምን ያደርግልሻል፣ ዛሬ ቤት ሁኚ፣ እናትሽን አጫውቺ። ይሄን የሚለው ፊልም የሚሸጥ ሰው ነው፣ ሰው እንጀራውን እንዲህ ይገፋል?

ሀሊማ እዚያ ፍርሃት ይሸጣል ነው የምትለው፣ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ይፈራል፣ ከሲኒማው ሲወጣ ደግሞ የፈራውን ነገር ፊት ገዝቶ ጀርባው ላይ ያነግታል። የማዳም ልጅ የፊልም እብድ ናት፣ አንድ መደርደሪያ ሙሉ ቦርሳ አላት፣ መስኮቱ ስር፣ የተገሸለጠ ፊት፣ ጥርስ ብቻ የሆነ ፊት፣ የደም እምባ የሚያነባ፣ ሀሊማ ጠዋት ጠዋት አቧራቸውን ትጠርጋለች፣ መጀመሪያ ሰሞን ፈርታቸው ሁሉንም ወደ ግድግዳ ብታዞራቸው ልጅቱ ጮኸችባት፣ ማዳም መጥታ ጨመረችበት፣ አሁን ለምጃቸዋለሁ አሚሬ፣ ስም አውጥቼላቸዋለሁ፣ ምላሷን ያወጣችውን የሺእመቤት ብያታለሁ፣ ጥርሳሙን ሙሐሲን፣ አፉ የተሰፋውን ሀሊማ ብዬዋለሁ፣ እዚህ ቤት የማናወራው እሱና እኔ ነን። ይህን ብላ ሳቀች። አሚራም ሳቀች፣ ድምፁን መልሳ ከፍታ ሳቀች። አዲስ ፊልም ወጣና ልጅቱ እሱ ሰለቻት፣ ጣይው አለቻት፣ ሀሊማ አልጣለችውም፣ ለምህረት ሰጠቻት፣ አገሩ አግቢልኝ ብላ።

ከሙሐሲን ሱቅ ስትወጣ ወንዶች የቅሬውን ድንኳን ተሸክመው ሲወጡ ታገኛለች፣ ሁለቱ ቋሚውን፣ ሌሎቹ ሸራውን፣ ጋሪው ላይ አግዳሚ ወንበሮች ተደራርበዋል፣ ትልቁ ብረት ድስት ከላይ ተቀምጧል፣ ወደላይ ነው የሚሄዱት፣ ወደ እነአሚራ ሰፈር። ማን ሞተ? ትላለች ከፊት ያለውን። ሰውዬው ድንኳኑ እንደከበደው ሁሉ ይቆማል። ማንም፣ ይላል፣ ልናሰጣው ነው፣ ሻግቷል። ኢንሻአላህ ማንም፣ ይላል ሌላው፣ ክርስቲያኑ። አሚራ ታሳልፋቸዋለች፣ ታስባለች፣ ማን ታሞ ነበር፣ የላይኞቹ አሮጊት ትሆን፣ አይ እሷ ትናንት ባቄላ ስትፈለፍል ነበር፣ ጎረቤት የተከራየው ተማሪ አባት ይሆን፣ ሰው የሞተበት ቤት ገና አልሰማም ይሆናላ፣ መርዶ ሊሆን ነው፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ ሄደው በር ያንኳኳሉ፣ ምስኪን፣ ማን ይሆን አሁን በሰላም ምሳ እየበላ ያለው።

መርዶ እንዲህ ነው፣ ሁልጊዜም እንዲህ ነው፣ ሰው ሩቅ አገር ሲሞት መጀመሪያ የሚሰማው ቤቱ አይደለም፣ ቅሬው ነው፣ ሽማግሌዎቹ ይመክራሉ፣ ድንኳኑ ይዘጋጃል፣ ዘመድ ከኩታበርም ከአጅባርም ተጠርቶ ይገባል፣ አገር ሁሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ ይስቃል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ እስኪነጋ ይተውታል፣ ሰው በባዶ ሜዳ ብቻውን እንዳይሰማ፣ እንዳይወድቅ፣ የሚይዘው እጅ ከአጠገቡ እንዲኖር ነው፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ይላል። እንዲህ ያለ ፊልምም ነበር፣ መጤዋ ልጅ መንደር ትገባለች፣ መንደርተኛው ሁሉ ይስቅላታል፣ ቤት ይሰጣታል፣ ይመግባታል፣ ሁሉም የሚመጣባትን ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም። ሀሊማ በዚያ ፊልም ዓይኗን አልሸፈነችም። በንዴት ተነስታ ቁጭ አለች። ለምን አይነግሯትም፣ አለች፣ አንድ ሰው እንኳ፣ ለምን አይነግሯትም?

አሚራ ከትምህርት ቤቱ አጥር ስር ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፣ ቪዲዮውን መምረጥ አለባት፣ ሁሉንም ከላከች ኔትወርኩ አይችለውም፣ የሺእመቤትን አትቆርጥም፣ እሱ ይላካል፣ ሙሐሲን ይቆረጣል፣ አስጠላ፣ እጇ ይሠራል፣ ሐሳቧ ድንኳኑ ላይ ነው። የሺእመቤትን እንደገና ትከፍታለች። ሴትዮዋ ከፊት ትመጣለች፣ ታያታለች፣ ዓይኗ እምባ ያቀርራል፣ ይኸው ያቀርራል፣ ስትቀዳ አላየችውም ነበር፣ ምን አይታ ነው? ትመልሰዋለች። ከፊት ነው የመጣችው። ጋሽ ኪዳነማርያም ከፊት። ሙሐሲን ከፊት። ባለ ድንኳኑ ሰውዬ ከፊት፣ ሁሉም ፊት ለፊቷ ቆመው ነው ያዩአት፣ ፊቷን አይተው ነው ዓይናቸውን የሰበሩት፣ ቦርሳው የት ነበር? ቦርሳው ጀርባዋ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ጀርባዋ ላይ ነበር። አንዳቸውም አላዩትም።

አይ። አይ፣ ቆይ፣ ወሬውን ሰምተው ነው፣ ሳያዩት ፈርተው ነው፣ ነገሩ እንደዚያ ነው፣ አንድ የቀረ አለ፣ ጋሽ ኪዳነማርያም ሱቅ በራፍ ላይ ጣቷ ነክቶት ካሜራው የዞረበት፣ የራሷን አገጭና የሻሿን ጫፍ ነው የሚያሳየው፣ ሊጣል የነበረ፣ ከአገጯ ወዲያ ያለፈችበት መንገድ ይታያል፣ ጋሽ ኪዳነማርያም ገቡ ያለቻቸው ተመልሰው ወጥተዋል፣ ሸህ አሕመድኑር አጠገባቸው ቆመዋል፣ አሁን ቦርሳው በቀጥታ እነሱን ነው የሚያየው፣ አዝራር ዓይኑን አፍጥጦ፣ እነሱ አያዩትም፣ ከሱ በላይ ነው የሚያዩት፣ የሷን ማጅራት። ሸህ አሕመድኑር ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጋሽ ኪዳነማርያም የሸሁን እጅ ያዝ አድርገው ቀስ ብለው ወደታች ያወርዱታል፣ ዞራ እንዳታይ። እንዳታይ። ስልኩ ጉልበቷ ላይ ይወድቃል። ሀሊማ ናት። ድንኳኑ የኛ ነው።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተነሳች አታውቅም፣ እግሯ እሌኒ ጸጉር ቤት ያደርሳታል፣ እሌኒ ጓደኛዋ፣ ጠዋት ቪዲዮውን እኔ ነኝ የምቀዳሽ ብላ የነበረች፣ ኋላ ራሴን አሞኛል ያለች። በሩ ገርበብ ብሏል። እሌኒ የጠፋው ጸጉር ማድረቂያ ካስክ ስር ብቻዋን ተቀምጣለች፣ ዓይኗ አብጧል፣ አሚራን ስታይ ልትስቅ ትሞክራለች፣ እንዲያው ሳቁ ቢቀርባት ይሻል ነበር። አሚራ በሩን ትዘጋለች። ሌላ የምትጠይቀው ነገር የላትም፣ ሞተች ወይ ብላ መጠየቅ አፏ እሺ አይላትም፣ ሌላውን ትጠይቃለች።

መርዶው ነገ ጠዋት ነው?

ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ትላለች እሌኒ።

ማን ነገረሽ፣ ትላለች እሌኒ፣ ማነው የነገረሽ? ማንም፣ ሁላችሁም ነገራችሁኝ። እሌኒ ታቅፋታለች፣ ጸጉር ቅባት ትሸታለች፣ በጆሮዋ ታወራለች፣ ከፎቅ ወደቀች ነው የሚሉት፣ መስኮት ስታጸዳ፣ የሚሉት ነው እንግዲህ፣ እዚያው ቀብረዋታል፣ እዚያ ያለ የሰፈር ልጅ ነው ለጋሽ ኪዳነማርያም የደወለው። መስኮት። መደርደሪያው መስኮቱ ስር ነው። ማን ነበረ ቤቱ ውስጥ፣ ማን ጮኸባት፣ ማን አየ፣ ያ ሁሉ ፊት ያ ሁሉ ዓይን እዚያ ተደርድሮ፣ አንድም የሚናገር የለበትም። አሚራ ልትጮህ ነው፣ ጩኸቱ ይመጣል፣ እሌኒ አፏን በመዳፏ ትይዛለች። አሚራ፣ ስለ እናትሽ፣ ዛሬን ትተኛ። የደም ግፊቷን ታውቂዋለሽ፣ አጎትሽ ከአጅባር ማታ ይገባል፣ ሽማግሌዎቹ ነርስ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ብቻችሁን ሆናችሁ ከሰማች ትወድቅብሻለች፣ ፊትሽን ያዢ፣ አንድ ሌሊት ነው። አፏ በእሌኒ መዳፍ እንደተያዘ አሚራ ራሷን ትነቀንቃለች።

ትጠላቸዋለች። ወደ ቤት ሽቅብ ስትወጣ ሁሉንም ትጠላቸዋለች፣ የሺእመቤትን ከነእምባዋ፣ ሙሐሲንን ከነመንዙማው፣ ቀኑን ሙሉ ስትስቅ እያዩዋት፣ እየቀዳቻቸው እያዩዋት፣ ለምን አይነግሯትም፣ አንድ ሰው እንኳ፣ ሀሊሜ ልክ ነበርሽ። ግን አሁን እነሱም እያዩዋት ነው፣ አውቃ እንደሆነ ፊቷን እያነበቡ፣ ካወቀች ወሬው ቀድሟት ቤት ይገባል፣ ፊቷ ደግሞ እሺ አይላትም፣ አገጯ ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሯ የሷ አይደለም። ቦርሳውን ከጀርባዋ ታወርደዋለች። ደረቷ ላይ ታዞረዋለች፣ ከፍ አድርጋ፣ አገጯ ስር፣ ይኸው ፊት፣ ይሄን እዩ። ከምንጩ የምትመለስ ሴት ድንገት ታየዋለች፣ አዑዙ ቢላህ፣ ጀሪካኗ ከእጇ ያመልጣል፣ ዘላ ጥግ ትይዛለች፣ ከዚያ ቦርሳ መሆኑን አይታ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፣ ውሃው ቁልቁል እየፈሰሰ እሷ ትስቃለች። ሀሊማ የፈለገችው ይሄንን ነበር። ልክ ይሄንን። ስልኩ ቦርሳው ውስጥ ነው፣ አይቀዳም።

እማ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ በመጨረሻው ብርሃን ምስር ትለቅማለች፣ የመግሪብ አዛን ሊባል ነው፣ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ድንጋይ ባገኘች ቁጥር ወደ ግቢው ትወረውራለች። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ግቢ በወትሮው የልጅ ጩኸት ነው፣ ዛሬ ጸጥ ብሏል፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ከግንቡ ጥግ ተደርድረው ሸራ ለብሰዋል፣ እማ ጀርባዋን ሰጥታቸዋለች። ደወለች? ኔትወርክ ነው እማ። እማ ቀና ትላለች። ፊትሽ ምን ሆነ? ይኸው መጣ፣ ይሄን ነው ስትፈራ የመጣችው፣ ምንም አላዘጋጀችም፣ አፏ ግን ይከፈታል። ቦርሳው አስፈራኝ እማ። እማ ትስቃለች፣ ስንት ጊዜዋ ነው እንዲህ ከሳቀች፣ ሰፌዱ ጉልበቷ ላይ ይነቀነቃል፣ አላልኩሽም፣ ትላለች፣ አላልኩሽም? ስታመጪው ፋሽን፣ ሲመሽ መቃዠት፣ ያቺም እህትሽ እንዲሁ ናት፣ መፍራቱን ሳትችሉት ትወዱታላችሁ፣ ትደውል ብቻ፣ እነግራታለሁ።

እንግዲያ አውጪልኝ፣ ትላለች እማ፣ ዛሬ ግድግዳም አይበቃው፣ ከቤት አውጪልኝ፣ ወስደሽ ከግቢ ውጪ ስቀይው፣ እሱ ቤት ውስጥ እያለ እኔም አልተኛም። እሺ እማ። ደግሞ በፊቴ አታሳልፊው። ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ትጥላለች፣ እየሳቀች፣ ልጆቿ ስንት ዓመት ሲያደርጉት እንዳየችው፣ ሰፌዱን በአንድ እጇ ይዛ፣ ሳቁ በነጠላው ውስጥ ይታያል። አሚራ በአጠገቧ ታልፋለች፣ ቦርሳውን ደረቷ ላይ እንደታቀፈች፣ ግቢው በር ላይ ትደርሳለች፣ ትከፍታለች። ጋሽ ኪዳነማርያም ቆመዋል። ሸህ አሕመድኑር ከጎናቸው፣ ከኋላቸው አጎቷ ገና ከመኪና የወረደ፣ ሻንጣው በእጁ፣ የነገውን ጎረቤት ቤት ሊመክሩ ነው የመጡት፣ ከበሩ ገና አላለፉም። ፊቷን ያዩታል። ማወቋን ያውቃሉ። ጋሽ ኪዳነማርያም ቆባቸውን እንደገና ያወልቃሉ። አሚራ ልትጠራቸው ትችላለች፣ ግቡ፣ አሁን ንገሯት፣ ለምን እስኪነጋ፣ እዚህ በሩ ላይ ቆማ ሀሊማ በዚያ ፊልም እንደጮኸችው መጮህ ትችላለች፣ ከኋላዋ ደግሞ እማ ምስሩ ሰፌድ ላይ ሲንኮሻኮሽ፣ ሳቋ ገና ሳያልቅ፣ አንድ ሌሊት የቀራት እናቷ፣ በሀሊማ ድምፅ፣ በሀሊማ አጠያየቅ፣ ከነጠላዋ ስር ትጠይቃለች።

ሄደ?

ቦርሳው እጇ ላይ ነው። ሰዎቹ በሩ ላይ ናቸው። ብቻዋን እያየች ነው፣ አሁን አብሯት የሚያይ የለም።

ሄደ እማ፣ ትላለች አሚራ፣ ሄደ፣ ተገለጪ።